ቀለም የእንጨት ጠላት አይደለም

በገዛ እጁ ካያክ የሚሠራ ሰው ሳንቃውን ለክቶ ከቆረጠ፣ ጠርዙን ከጠርዝ በመዳብ ሽቦ ሰፍቶ በሙጫ ካጋጠመ፣ በላዩም የፋይበር ግላስ (የመስታወት) ጨርቅ አልብሶ እስኪለሰልስ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ካሸው በኋላ፣ ሥራው ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው፣ ከልኩና ከቅርጹ ሁሉ ይልቅ ኅሊናውን ለሁለት የሚከፍል አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ጀልባው በቀለም ይሸፈን ወይስ እንጨቱ ከተፈጥሮው ያገኘው መልክ በጠራ ቫርኒሽ ሥር ይታይ የሚለው ነው። ነገሩን ከሩቅ ለሚያይ ሰው ጥያቄው የጌጥ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ጀልባው ስንት ዘመን እንደሚያገለግል፣ ባለቤቱ በየዓመቱ ስንት ቅዳሜ በጥገና እንደሚያሳልፍ፣ በሰፊ ውሃ ላይም በሞተር ጀልባ ነጂ ዓይን ይገባ ወይም አይገባ እንደሆነ የሚወስነው ይኸው ምርጫ ስለሆነ፣ ሳይመረመር በልማድ ብቻ ሊታለፍ አይገባውም።

ልማዱ ግን ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። ቤት ሠራሽ ጀልባዎች ለሕዝብ በሚታዩበት ስፍራ ሁሉ ተመልካች የሚከበው፣ ፎቶግራፍ የሚነሣው፣ የመጽሔትም ሽፋን የሚሆነው የእንጨቱ ጅማት ጥርት ብሎ የሚታይበት ካያክ ነው፤ ቀለም የተቀባው ግን፣ ምንም እንኳ በቅርጹና በአሠራሩ የሚበልጥ ቢሆን፣ «ምን ሊሸፍንበት ነው የቀባው?» የሚል ጥርጣሬ ይከተለዋል። እኔ ይህን ጥርጣሬ በደል ነው እላለሁ። ከዚህም አልፌ፣ ለአብዛኛው ሰው፣ ይልቁንም የመጀመሪያ ጀልባውን ለሚሠራና ጥላ ያለው ማስቀመጫ ለሌለው ሰው፣ ለካያኩ የሚገባው ልብስ ቀለም ነው ብዬ አምናለሁ።

ካያክ ከመነሻው የሰሜን ዋልታ ጎረቤት የሆኑ ሕዝቦች ጥበብ ነው። በግሪንላንድና በአላስካ ጠረፍ የሚኖሩት አዳኞች ባሕር ወደ ዳር የተፋውን እንጨት ሰብስበው አፅሙን ያበጁና አቆስጣ የተባለውን የባሕር እንስሳ ቆዳ በላዩ ወጥረው ይሰፉበት ነበር። እንጨቱ በቆዳው ውስጥ ተሰውሮ ስለሚኖር ከውጭ ለሚመለከት ሰው አይታይም ነበር፤ ቆዳውም በስብ ካልታሸና ከውሃ እየወጣ ካልደረቀ አይጸናም። ስለዚህ እንጨቱን ለዓይን ማውጣት የካያክ ጥንታዊ ሥርዐት ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ታሪኩ አይደግፈውም።

እንጨቱ ለዕይታ የወጣው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ካያክ ከአዳኝ እጅ ወደ መንገደኛ እጅ ሲተላለፍ ነው። ጆን ማክግሬጎር የተባለው የለንደን ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1865 ሆዷ ከኦክ፣ ክዳኗም ከሴዳር እንጨት የተሠራች፣ 15 ጫማ የምትረዝም ሮብ ሮይ የተባለች ትንሽ ታንኳ አሠርቶ በአውሮፓ ወንዞችና ሐይቆች ተዘዋወረባት፤ በማግሥቱ ዓመት ያሳተመው የጉዞ መጽሐፉም በብዙ ሰው ስለ ተነበበ በእንግሊዝ አገር የታንኳ ማኅበር እስከ መቋቋም ተደረሰ። በዚያ ማኅበር የተሰበሰቡት ሰዎች በአብዛኛው ጊዜም ገንዘብም የተረፋቸው ነበሩ፤ ታንኳቸው ከወንዝ ሲወጣ የሚገባበት ቤት ነበረው፣ ቫርኒሹ ሲደክምም የሚያድስላቸው ባለሙያ አያጡም ነበር። የተወለወለ እንጨት የክብር ምልክት መሆኑ እንግዲህ ከኑሯቸው የተወለደ ነገር ነው፤ እኛ ግን ምልክቱን ስንወርስ የጀልባ ቤቱንና ባለሙያውን አልወረስንም።

በአንጻሩ ከውሃ እንጀራቸውን የሚያገኙ ሰዎች ምን እንዳደረጉ መመልከት ይገባል። በሜሪላንድ፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ፣ ኦይስተር የተባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ሲለቅሙ የኖሩት ስኪፕጃክ የተባሉት የሸራ ጀልባዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የክፍለ ግዛቱ ምልክት ጀልባ እስከ መባል የደረሱት፣ በልማድ ነጭ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ነጩ ቀለም በበጋ የፀሐዩን ትኩሳት መልሶ ስለሚሰድድ ሳንቃው አይደርቅም፣ መጋጠሚያውም አይከፈትም። የነዚያ ሰዎች የእንጨት ፍቅር ከማንም ያነሰ አልነበረም፤ ጀልባቸው በመጪው ክረምትም ወደ ሥራ እንዲወጣ ስለሚፈልጉ ቀቡት።

ዛሬ በቤት የሚሠራው ካያክ በአብዛኛው ከቀጭን የባሕር ኮምፔርሳቶ የሚወጣ ነው። ሳንቃን ከሳንቃ በሽቦ ሰፍቶ በሙጫና በመስታወት ጨርቅ ማጋጠም በሰፊው የታወቀው በእንግሊዝ አገር ነው፤ ጃክ ሆልትና ባሪ በክኔል ያዘጋጇትን ትንሽ የሸራ ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሕዝብ ያስተዋወቃት ዴይሊ ሚረር የተባለው ጋዜጣ ሲሆን፣ ስሟም ከጋዜጣው ተወስዶ ሚረር ተብሎ፣ ከ70,000 በላይ ጀልባዎች በዚያ ንድፍ ተሠርተዋል። በዚያው አሠራር፣ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን አካባቢ በቅርብ ርቀት፣ በአናፖሊስ ከተማ የሚገኘው ቼሳፒክ ላይት ክራፍት የተባለው ድርጅት ሳንቃው ተቆርጦ የተዘጋጀ ካያክ በሣጥን ይሸጣል። መጋዝና መሮ በቅጡ የማያውቅ ሰው እንኳ፣ ትዕግሥት ካለው፣ በመኪና ማቆሚያ ቤቱ ውስጥ ከ4 ሚሊሜትር ሳንቃ ባሕር የሚችል ጀልባ ሊያወጣ ይችላል። ሳንቃውም ብዙውን ጊዜ ኦኩሜ ነው፤ ይህ ዛፍ የሚበቅለው በአህጉራችን በጋቦንና በጎረቤቶቿ ደን ውስጥ ነው፤ ቀላል፣ ለመታጠፍ የሚመች፣ መልኩ ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ለመበስበስ ግን የማይከብደው እንጨት ነው።

ለቀለም ስሟገት የእንጨቱን ውበት አልክድም። የመስታወቱ ጨርቅ በደረቅ ሳንቃ ላይ ሲዘረጋ ነጭ ነው፤ ከሥሩ ያለው እንጨት በግማሽ ብቻ ይታያል። ኢፖክሲ የተባለው ሙጫ ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ መካከል ላይ ሲፈስስና በላስቲክ መግፊያ ቀስ እየተባለ ወደ ዳር ሲገፋ፣ ፈሳሹ በደረሰበት ሁሉ ነጩ ጨርቅ ይጠፋል፤ ደብዛዛው ኦኩሜ ወደ ቀላ ያለ የማር መልክ ይለወጣል፤ ቀድሞ ያልታየው ጅማት፣ የዛፉ የዕድገት መስመር፣ አንዳንድ ጊዜም መጋዙ ያለፈበት ስፍራ ከጥልቅ ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስላል። ጨርቁ ምንም አየር ሳይዝ እንጨቱን ሲስመው ያየ ሰው፣ ለብዙ ሳምንት የደከመበትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ መልኩ ያየው ያን ዕለት ስለሆነ፣ «ይህን እንዴት በቀለም እቀብራለሁ?» ቢል አልፈርድበትም። ብዙዎችም ቫርኒሹን የሚመርጡት በዚያች ሰዓት ነው። አንክሮው እውነተኛ ነው፤ ውሳኔው ግን በዚያች ሰዓት መወሰኑ ያሳዝነኛል።

ምክንያቱም ኢፖክሲ ውሃን ይከለክላል፣ እንጨትንም ያጠነክራል እንጂ ከፀሐይ ራሱን መጠበቅ አይችልም። አልትራቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረር ያለማቋረጥ ሲያርፍበት ፊቱ ብጫ ይሆናል፣ እንደ ኖራ ይፈረፈራል፣ ቀስ በቀስም ከጨርቁ ጋር ያለው መያያዝ ይላላል። ለጀልባ የሚሠራው ጥሩ ቫርኒሽ ይህን ጨረር የሚውጥ ቅመም በውስጡ አለው፤ ይሁንና ቅመሙ ጨረሩን በዋጠ መጠን ራሱ እያለቀ ስለሚሄድ፣ አምስት ወይም ስድስት እጅ ቫርኒሽ፣ በየእጁም መካከል ቀላል የብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ ከዚያም በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ፊቱን አሽቶ አዲስ እጅ መጨመር ግድ ይሆናል። ይህን በጊዜው የሚፈጽም ሰው ጀልባው ለረዥም ዘመን ያምርለታል። አንድ ሁለት ዓመት ሳያድሰው ያሳለፈ ሰው ግን መጀመሪያ የቫርኒሹ አንጸባራቂነት ሲጠፋ፣ ቀጥሎ በጠርዝና በመቀመጫው አፍ ዙሪያ ሲላጥ፣ በመጨረሻም ጠፍቶ የነበረው የመስታወት ጨርቅ ነጭ ሆኖ ተመልሶ ሲታይ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ማደስ ማለት ፊቱን ሁሉ እስከ ጨርቁ ድረስ መፋቅ፣ አንዳንዴም ጨርቁን ራሱን አንሥቶ ሌላ ማልበስ ማለት ነው።

የቀለም ጠባይ ከዚህ የተለየ ነው። በቀለም ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት፣ ይልቁንም ነጭና ፈዛዛ ቀለሞች የሚሠሩበት ታይታንየም ዳይኦክሳይድ፣ ብርሃኑን ስለሚያግደው ጨረሩ ወደ ሙጫው አይደርስም። አንድ እጅ ማስያዣ፣ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ቀለም ይበቃል፤ ጀልባው ከዝናብና ከፀሐይ በመጠኑ ከተጠለለ ብዙ ዓመት ያለ ሌላ እጅ ይቆያል። ከጠጠር ጋር ተፋትጎ ሆዱ ቢጫጭር፣ የተጫረውን ስፍራ አሽቶ ከዚያው ጣሳ መቀባት ነው። በቫርኒሽ ሥር ያለ ጭረት ግን ጨርቁን ከነካው ምን ቢደክሙበት ነጭ መስመሩ ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ማስታረቂያ አለ፤ ሆዱን መቀባትና ክዳኑን በቫርኒሽ መተው። ሰው ይህን የሚመርጠው ጠጠር የሚያገኘው ሆዱን፣ ዓይን የሚያገኘው ክዳኑን ነው ብሎ ነው። ነገር ግን ፀሐይ የምታገኘውም ክዳኑን ነው። በቀዘፋ ሰዓት ሆዱ በውሃ ውስጥ ሲሆን ክዳኑ ቀኑን ሙሉ ወደ ሰማይ ተገልጦ ይውላል፤ ስለዚህ ማስታረቂያው ለዓይን የሚመች ቢሆንም ጋሻውን ከማይፈልገው ስፍራ አኑሮ የሚፈልገውን ስፍራ እንደ መተው ነው። ጀልባው ተገልብጦ ጥላ ውስጥ የሚቀመጥና የሚሠራበትም ጊዜ ጥቂት የሆነ ሰው ሊያደርገው ይችላል። በመኖሪያ ሕንፃ ጀርባ፣ በአጥር ሥር የሚያስቀምጠው ሰው ግን ባያደርገው ይሻላል።

የቀለሙ ዐይነትም ቀላል ነገር አይደለም። በቤት ውስጥ ሙቀት የጠነከሩ ብዙዎቹ ኢፖክሲዎች ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ትኩሳት መለስለስ ይጀምራሉ፤ በበጋ ቀን በመኪና ጣራ ላይ ታስሮ የዋለ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ክዳንም ከዚያ በላይ ሊግል ይችላል። ያን ጊዜ የጨርቁ ሽመና በተወለወለው ፊት ላይ ይታተማል። ስለዚህ ጥቁሩን ቀለም፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለካያክ አልመርጠውም። ንጹሕ ነጭም ቢሆን ነቀፌታ አለበት፤ ትኩሳትን በመመለስ የሚያክለው ባይኖርም፣ ነፋስ ባለበት ቀን ከማዕበሉ አረፋ ተለይቶ አይታይም፣ ክዳኑም አንጸባራቂ ከሆነ በቀዛፊው ዓይን ላይ ብርሃን ይወረውራል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የመታየት ነገር ነው። ካያክ ከውሃው ከፍ የማይል ጀልባ ነው፤ የቀዛፊው ጭንቅላትና ትከሻ ካልሆነ በስተቀር በሞተር ጀልባ ለሚገሠግሥ ሰው ዓይን የሚደርስ ነገር የለውም። የማር መልክ ያለው እንጨት ደግሞ በማለዳና በምሽት፣ ዳሩ ዛፍ በሆነበት ወንዝ ላይ፣ ከዛፉ ጥላና ከደፈረሰው ውሃ ጋር አንድ ይሆናል። ብጫና ብርቱካን ቀለም ያለው ክዳን ግን ከሩቅ ይጣራል፤ ጀልባው ቢገለበጥም ሆዱ በዚያው ቀለም የተቀባ እንደሆነ ፈላጊ በቶሎ ያገኘዋል። ለቤተሰቡ ጀልባ የሚሠራ አባት ወይም እናት፣ ሌላው ክርክር ሁሉ ቢቀር፣ ይህን አንድ ነገር ብቻ አስቦ ብጫ ቢቀባ ትክክል አድርጓል እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ክስ፣ «ቀለም ጉድ ይሸፍናል» ወደሚለው እመለሳለሁ። ክሱ ግማሽ እውነት አለው፤ የሽቦው ቀዳዳ የተደፈነበትን ስቱኮ፣ የፈሰሰውን ሙጫ፣ የእርሳሱን መስመር፣ ሁለት ሳንቃ የተቀጠለበትን ስፍራ ቀለም ይሰውራል። የጀልባውን ቅርጽ ግን አይሰውርም። እንዲያውም አንጸባራቂ ቀለም ጎርበጥባጣውንና ስርጉዱን ሁሉ በብርሃን ነጸብራቅ አጉልቶ ሲያሳይ፣ በቫርኒሽ ሥር የሚታየው የእንጨት ጅማት የተመልካችን ዓይን ወደ ራሱ ስቦ ያንኑ ስርጉድ እንዳያስተውል ያደርገዋል። በደንብ የተቀባ ካያክ በፀሐይ ሥር ቆሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው የብርሃን መስመር ካልተሰበረ፣ የሠሪው እጅ ምን ያህል እንደ ታገሠ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገውም።

መሸፈን ራሱስ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው? በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን የሣለው የእመቤታችን ሥዕል ያረፈው በእንጨት ገበታ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት ሠዓልያን ገበታውን ጠርበው ካስተካከሉ በኋላ ፊቱን በጄሶ ለስነው፣ ቀለሙን በዚያ ላይ ያኖሩ ነበር፤ እንጨቱ ሥዕሉን ተሸክሞ ይኖራል እንጂ ጅማቱ ይታይልኝ አይልም፣ በመሰወሩም ተዋረደ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። በዚያው ሐይቅ ላይ የምትቀዘፈው የደንገል ታንኳ ደግሞ ቀለምም ቫርኒሽም አታውቅም፤ ውሃ ስትጠግብ ወደ ዳር ወጥታ ትደርቃለች፣ ስታረጅም ባለቤቷ ሌላ ደንገል ዐጭዶ አዲስ ያስራል። ዕድሜዋ አጭር እንዲሆን ከመጀመሪያው የታሰበ ስለሆነ ልብስ አያስፈልጋትም። ከኦኩሜና ከሙጫ የሚሠራው ካያክ ግን ከልጅ ወደ ልጅ እንዲተላለፍ የሚታሰብ ሥራ ነው።

ቫርኒሽን የሚመርጡ ሰዎች አንድ ብርቱ ክርክር አላቸው፤ እርሱንም አልፎ መሄድ አይገባም። ጨርቁ ተቀድዶ ውሃ ወደ እንጨቱ ከገባ፣ በጠራ ፊት ሥር ያለው ሳንቃ ወዲያው ይጠቁራል፣ ባለቤቱም በቶሎ ያየዋል፤ በቀለም ሥር ግን እንጨቱ በስውር ሊበሰብስ ይችላል። ይህ እውነት ነው፣ ለኦኩሜም ይልቁን እውነት ነው። እኔ የምለው ግን ይህን ጥቅም ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ማግኘት ይቻላል ነው። የካያኩ ውስጥ ፀሐይ የምታየው በመቀመጫው አፍ በኩል ጥቂት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውጩን ቀብቶ ውስጡን በኢፖክሲው ብቻ፣ ከመቀመጫው አፍ አጠገብ ጥቂት ቫርኒሽ ጨምሮ፣ እንጨቱን በመልኩ መተው ይቻላል። ሳንቃው 4 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በአንዱ ወገን የገባ ውሃ በሌላው ወገን ጥቁር ነጥብ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ባለቤቱም የዕቃ ማስቀመጫውን መክደኛ ገልጦ በባትሪ መብራት መመልከት ነው። ጀልባውን የሠራ ሰውም ያን የሚወድደውን የእንጨት መልክ አያጣውም፤ እግሩን በዘረጋ ቁጥር በዙሪያው ነው።

ስለ አቀባቡ ጥቂት ልበል። ኢፖክሲ ሲጠነክር አንዳንዱ በፊቱ ላይ ሰም የመሰለ ቀጭን ነገር ያወጣል፤ ይህ በአኳራጅ አይለቅም፣ በውሃና በሻካራ ስፖንጅ ግን ይታጠባል፤ ሳይታጠብ በብርጭቆ ወረቀት ቢታሽ ወደ ጭረቱ ገብቶ የሚቀባው ሁሉ እንዳይይዝ ያደርጋል። በዘይት የተሠራ ቀለም ወይም ቫርኒሽ በአንዳንድ ኢፖክሲ ላይ ለብዙ ቀን ሳይደርቅ ሊቀር ስለሚችል አስቀድሞ በቁራጭ ሳንቃ ላይ መሞከር ይገባል። ባለሁለት ጣሳውን ፖሊዩሬቴን ቀለም በርጭት መሣሪያ በቤት ውስጥ መርጨት ግን ለሳንባ ጎጂ ነውና በብሩሽና በሮለር የሚቀባውን መምረጥ ያሻል። ውሳኔው ደግሞ ሳንቃው ከመገዛቱ በፊት ቢወሰን ብዙ ድካም ይቀንሳል፤ እንጨቱን ለማሳየት ያሰበ ሰው መልካቸው የሚመሳሰል ሳንቃዎችን መርጦ፣ እያንዳንዱን የሙጫ ጠብታ ሳይደርቅ መጥረግ ሲኖርበት፣ ለመቀባት ያሰበው ሰው ያንን ጥንቃቄ ሁሉ ቅርጹን ወደ ማቃናት ሊያዞረው ይችላል።

እንግዲህ ሳንቃ አዘጋጅተው ለሚሸጡ ድርጅቶችና የጀልባ ትርኢት ለሚያሰናዱ ማኅበራት አንድ ልመና አለኝ። በማስታወቂያቸው ላይ ዛሬ ከሠሪው እጅ የወጣውን አንጸባራቂ ካያክ ሲያሳዩ፣ አምስት ዓመት በሜዳ የቆየ ቫርኒሽ የተቀባ ካያክና አምስት ዓመት በሜዳ የቆየ ቀለም የተቀባ ካያክ ጎን ለጎን ፎቶግራፍ አንሥተው ያትሙ፤ በመመሪያቸውም ላይ ቫርኒሹ በየስንት ጊዜው እንደሚታደስ ከዋጋው አጠገብ ይጻፉ፤ በትርኢቱም ላይ ዳኞች የተቀባውን ጀልባ በብርሃን መስመሩ እንዲመዝኑት ለብቻው ወገን ይስጡት። ገዢው ይህን ሁሉ አይቶ እንጨቱን ማሳየት ቢመርጥ፣ የሚጠብቀውን ሥራ ዐውቆ መርጧልና እኔ የምከራከረው ነገር አይኖረኝም።